የቆመው ቁስል

እናቴ እግሯን ያቃጠለችው ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያለብስበት ሰሞን ነበር። እንደ ልማዷ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፍልታ፣ የቀኝ እግሯን መርገጫ ወደ ከሰል ማንደጃው አዙራ ስትጫወት፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ ብላ የጮኸችው ጎረቤታችን እንጂ እናቴ አልነበረችም። ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗት ስለነበር የእግሯ ነርቮች ስሜታቸውን ካጡ ቆይተዋል። ከአውራ ጣቷ ሥር የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ተልጦ፣ የቡና ዱቄት ነስንሳበትና ካልሲ አጥልቃበት፣ ለእኔ ሳትነግረኝ ዘጠኝ ቀን ቆየች። በኋላ ስጠይቃት «አዲስ አበባ ድረስ ላስደነግጥሽ?» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት በልጅነቴ ያስተማረችኝ እሷ ራሷ ናት።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ላለፉት 11 ዓመታት በመስታወት ላይ የተሰመረ የደም ጠብታ ቀለም አልብሼ፣ በማይክሮስኮፕ እያየሁ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን እስከ መቶ ስቆጥር እውላለሁ። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከመቶው ከ50 እስከ 70 የሚሆኑት ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ አስኳላቸው ሦስት አራት ቦታ ላይ ተከፋፍሎ በቀጭን ክር የተያያዘ ስለሆነ ከሩቅ ይታወቃሉ። ሞኖሳይት የሚባሉት፣ ከደም ወጥተው ሥጋ ውስጥ ሲገቡ ማክሮፌጅ የሚሆኑት ትልልቆቹ ሕዋሳት ግን ጥቂት ናቸው። እነዚህን ሕዋሳት በመልካቸው አውቃቸዋለሁ። ከደም ሥር ወጥተው ቁስል ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሠሩ ግን ትምህርት ቤት የተማርሁትን ፈተና ካለፍሁበት ቀን ወዲህ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ቁስሉ ቀልቶ፣ ዙሪያው አብጦ፣ ሲነካ ይሞቅ ነበር። በዚያን ጊዜ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ቅላትና ይህ እብጠት መጥፋት አለበት። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክና ቤታሜታዞን የተባለ ቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት የተቀላቀለበት ቅባት ገዛሁ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ አጥቤ የቀባሁትም እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ፤ እብጠቱም ጎደለ። እናቴ «እጅሽ ይባረክ» ብላ መረቀችኝ፤ እኔም ቅባቱን ለታናሽ እኅቴ ሰጥቼ፣ ጠዋትና ማታ እንድትቀባት አደራ ብዬ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ ቆመ። ለሁኔታው ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። አላመረቀዘም፣ አልሸተተም፣ አልሰፋም፤ ነገር ግን አልጠገገም፣ ሥጋ አልሞላም፣ ጠርዙም ወደ መሃል አልተጠጋም። እኅቴ በየሳምንቱ የምትልክልኝን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የታኅሣሡን ከጥር ወሩ መለየት አቃተኝ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዓይነት የገረጣ፣ ደም የሌለው የሚመስል ቀዳዳ ነበር። በገና ሰሞን ደሟን ወስጄ በራሴ ማይክሮስኮፕ ስቆጥር ከመቶው 82ቱ ኒውትሮፊል ሆኑ። የመከላከያ ሠራዊቷ በዝቶ ተሰልፏል ብዬ ተጽናናሁ። ያ ንባቤ ምን ያህል የተገላቢጦሽ እንደነበረ የገባኝ ጥር መጨረሻ ላይ ነው።

ሐኪም ቤት ስንወስዳት ቁስል የምታጥበው ሲስተር መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አስደነገጠኝ። በቁስሉ ዙሪያ የደነደነውን ቆዳ በስለት እየላጠች አነሳችው፤ ቀጥላም ቁስሉ ግርጌ ላይ የተኛውን የሞተ ሥጋ ደም እስኪፈስ ድረስ ፋቀችው። እናቴ ምንም አልተሰማትም፤ ፊቴን ያዞርሁት እኔ ነኝ። ሲስተር ደሙን ስታይ ፊቷ ፈካ። «እማማ፣ አይዞዎት፤ ደም ካልመጣ ሥጋ አይመጣም» አለቻት። እኔ ለሁለት ወር ያህል ጸጥ ለማሰኘት የደከምሁበትን ቁስል እሷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደገና አስቆጣችው። ይህን ያደረገችው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ቁስል የመጀመሪያ ሰዓታት መመለስ ነበረብኝ።

ቆዳ በተቀደደ ጊዜ ቀድመው የሚደርሱት ፕሌትሌቶች ናቸው፤ ደሙን አርግተው ሲያቆሙ በውስጣቸው ያከማቹትን የመልእክት ኬሚካሎች ይለቃሉ። መልእክቱን ተከትለው ኒውትሮፊሎች በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ከደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ፣ ተሹለክልከው ወደ ሥጋው ይገባሉ፤ ቁጥራቸውም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ከፍተኛ ይሆናል። ባክቴሪያ ይውጣሉ፣ መርዝ ይረጫሉ፣ ከዚያም እዚያው ይሞታሉ። መግል የምንለው ነገር አብዛኛው የእነዚህ የሞቱ ሕዋሳት ክምር ነው። ሞኖሳይቶች ተከትለው ገብተው ማክሮፌጅ ይሆናሉ፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን ጀምሮም ቁስሉን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። እኔ የፈራሁት ቅላት የደም ሥሮች ስለሚሰፉ፣ ሙቀቱ ደም ስለሚበዛ፣ እብጠቱም ፈሳሽና ሕዋሳት ወደ ሥጋው ስለሚፈልሱ የሚመጣ ነው። ሐኪሞች በአንድ ቃል ብግነት ይሉታል።

ብግነት ጉዳት ብቻ ሳይሆን የሰውነት ሥራ ነው የሚለው ሐሳብ ታሪኩ ደስ ይለኛል። ኤልያ ሜችኒኮፍ የተባለው የሩሲያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት መሲና ከተማ ሳለ፣ ሰውነቱ እንደ መስታወት የሚያሳይ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት ነበር። በዘመኑ ብዙዎች በቁስል ላይ የሚታዩትን ነጭ ሕዋሳት የበሽታ ምልክት፣ እንዲያውም የበሽታ ማዛመቻ አድርገው ያዩአቸው ነበር፤ እሱ ግን ተከላካዮች ናቸው ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እኔ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቼ፣ በየቀኑ እነዚያኑ ሕዋሳት እየቆጠርሁ፣ የእናቴን ቅላት ስመለከት ከሜችኒኮፍ በፊት እንደነበሩት ሰዎች ነው ያሰብሁት።

ከሁለቱ ሕዋሳት፣ ከኒውትሮፊልና ከማክሮፌጅ፣ ቁስልን ለማዳን ይበልጥ የሚያስፈልገው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በጊኒ ፒጎች ላይ በተደረገ ሙከራ ኒውትሮፊሎች ተቀንሰው ሲታይ፣ ንጹሕ የሆነ ቁስል ያለ እነሱም በጊዜው ሻረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሊቦቪችና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሞኖሳይትን ሃይድሮኮርቲዞን በተባለ መድኃኒት፣ በሥጋው ውስጥ ያለውን ማክሮፌጅ በልዩ ሴረም ሲቀንሱ ቁስሉ ባለበት ቀረ። የረጋው ደም አልተጠረገም፤ ፍርስራሹ አልተነሣም፤ ቆዳን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሚሠሩት ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳትም ዘግይተው መጡ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኅቴ ፎቶግራፎች ታወሱኝ። ማክሮፌጅ በላተኛ ብቻ አይደለም፤ ጠርጎ ሲጨርስ ለፋይብሮብላስቶችና ለአዳዲስ የደም ሥሮች ኑ የሚል መልእክት የሚልከው እሱ ነው። መልእክቱ ካልተላከ የእነሱ ሥራ ይጓተታል።

በዚያ ሙከራ ሃይድሮኮርቲዞን ማክሮፌጅን ለማሳጣት መመረጡ ለእኔ ከባድ ዜና ነበር፤ ምክንያቱም በእናቴ ቁስል ላይ የቀባሁት ቤታሜታዞን ከዚያው ቤተሰብ የሆነ፣ ከእሱም እጅግ የበረታ ስቴሮይድ ነው። በዚያ ላይ እናቴ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ እሷ ቁርጥማት ለምትለው የሩማቶይድ ሕመም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ሌላ ስቴሮይድ በየቀኑ 10 ሚሊ ግራም ትውጥ ነበር። ስቴሮይድ ወደ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የብግነት መልእክቶችን የሚያዘጋጁትን ጂኖች ያዘጋል፤ ኒውትሮፊሎችም ከደም ሥር ግድግዳ ላይ መጣበቅ ያዳግታቸዋል። መጣበቅ ካልቻሉ ወደ ሥጋው አይገቡም፤ ደም ውስጥ ሲዞሩ ይቀራሉ። እኔ በማይክሮስኮፕ ቆጥሬ የተጽናናሁባቸው 82 ኒውትሮፊሎች ምናልባት ይህንኑ ሲነግሩኝ ነበር። ሠራዊቱ የበዛው ወደ ግንባሩ መውጫ ስላጣ ነበር።

ይህን ስጽፍ ስቴሮይድን ለመውቀስ እንዳልሆነ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የእናቴ ዓይነት ሕመም ለነበራት አንዲት ሴት ኮርቲዞን ሲሰጧት፣ ከአልጋ መነሣት ያቃታት ሴት በቀናት ውስጥ ተራመደች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እሳቸውና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሯ በፊት እናቴ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ ያቅታት ነበር። ያ መድኃኒት እጆቿን መልሶላታል። እጇን የሚያድነው መድኃኒት እግሯ እንዳይድን የሚይዝ መሆኑን፣ በዚያም ላይ የደም ስኳሯን ከፍ እንደሚያደርግ፣ እኔ ልጇና የጤና ባለሙያዋ አጠገቧ ሆኜ ማያያዝ ነበረብኝ።

የበለጠ ያሰላሰልሁት ግን የጊዜን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን ኮሎኝ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአይጦች ቁስል ላይ ማክሮፌጆችን በተለያየ ጊዜ እየነጠሉ ያጠፉበትን ሙከራ አሳተሙ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሲጠፉ አዲሱ ሥጋ አነሰ፣ ቆዳውም ለመግጠም ዘገየ፤ ሆኖም ጠባሳው ያነሰ ሆነ። በመካከለኛው ምዕራፍ ሲጠፉ አዳዲሶቹ የደም ሥሮች እየተሰበሩ ቁስሉ ደማ፤ ወደሚቀጥለው ደረጃም ማለፍ አልቻለም። በመጨረሻው ምዕራፍ ሲጠፉ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ያው ሕዋስ በአንዱ ሳምንት ሲጠፋ ቁስሉን ያደማል፤ በሌላው ሳምንት ቢጠፋ ቁስሉ አይጎድልበትም። እኔ ስለ መድኃኒት ሳስብ የነበረው «ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብዬ ነበር፤ መጠየቅ የነበረብኝ ቁስሉ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነና በዚያ ቀን የትኛው ሕዋስ በሥራ ላይ እንዳለ ነው።

በጤነኛ ቁስል ውስጥ ማክሮፌጅ ራሱ ጠባዩን ይለውጣል። በመጀመሪያ ቁጡ ነው፤ የሞቱትን ኒውትሮፊሎች እየዋጠ ሲሄድ ግን መዋጡ ራሱ ያረጋጋዋል፤ ከዚያም የሚለቀው መልእክት የጠብ ሳይሆን የግንባታ ይሆናል። ይህ ለእኔ ከሰውነት ሥራዎች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ ነው። በስኳር ሕመምተኛ ቁስል ውስጥ የሚበላሸው አንዱ ነገር ደግሞ ይኸው ሽግግር ነው፤ ማክሮፌጆቹ ለሳምንታትና ለወራት በቁጣው ደረጃ ላይ ይቀራሉ፤ የሚለቋቸው ኢንዛይሞችም አዲስ የተሠራውን ሥጋ መልሰው ያፈርሳሉ። ኒውትሮፊሎችም አስኳላቸውን እንደ መረብ ዘርግተው ባክቴሪያ የሚያጠምዱበት ዘዴ አላቸው፤ የደም ስኳር ሲበዛ መረቡ ከልክ በላይ እየተዘረጋ ለቆዳው መግጠም እንቅፋት እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2015 በአይጦች ላይ በታተመ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ የእናቴ እግር በሁለት ተቃራኒ ኃይሎች መካከል ተይዞ ነበር። ስኳሩ ቁጣው እንዳይበርድ ያደርጋል፤ ስቴሮይዱ ቁጣው በወጉ እንዳይጀመር ያደርጋል።

ዶክተሩ ይህን ሁሉ በዝርዝር አልነገሩንም፤ ጊዜም አልነበራቸውም። ያደረጉትን ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። በመጀመሪያ የእግሯን የደም ምት በጣታቸው ፈልገው አገኙት፤ ደም የማይደርሰው እግር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ቅባቱን ዛሬውኑ ተዉት አሉ። ፕሬድኒሶሎኑን ግን ዛሬውኑ ተዪው አላሏትም፤ እንዲያውም በራሷ ፈቃድ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ አጥብቀው አስጠነቀቋት። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ኮርቲዞል የተባለውን የራሱን የተፈጥሮ ስቴሮይድ ማመንጨት ስለሚቀንስ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ለመገጣጠሚያዋ ሜቶትሬክሴት የተባለ ሌላ መድኃኒት ተጨምሮላት የፕሬድኒሶሎኑ መጠን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ለስኳሯም ኢንሱሊን ጀመረች። በመጨረሻም እግሯ ከጣቷ እስከ ጉልበቷ ሥር በጀሶ ተጠቀለለ። ስሜት የሌለው እግር ቁስሉን ሳያውቅ ስለሚረግጠው፣ አዲስ የበቀለ ሥጋ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጨፈለቃል፤ ጀሶው ክብደቱን በመላው እግር ላይ ያከፋፍለዋል።

ይህ የጀሶ ዘዴ ብዙ የተሠራበት በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ መሆኑን ሳውቅ ሐሳቤ አዲስ አበባ ወደ ዘነበ ወርቅ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የሚገኝበት ሰፈር ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን ሰዎች ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠሩት ነበር። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን ስለሚጎዳ ሕመምተኛው ልክ እንደ እናቴ እሳትና እሾህ አይሰማውም፤ ጣትን የሚያሳጣው በብዛት ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን ሳይታወቅ የቆየ ቁስል ነው። በዚያ በሽታ ላይ የፕሬድኒሶሎን ነገር በሌላ መልኩ ይመጣል። የሰውነት መከላከያ በድንገት ተነሥቶ በነርቮቹ ላይ ሲዘምት፣ ነርቩን ከመሞት የሚያድነው ለወራት የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ነው። ቁስል እንዳይድን የሚያዘገየው መድኃኒት እዚህ እግሩ ስሜት እንዳያጣ አድርጎ፣ ሊመጣ ያለውን ቁስል አስቀድሞ ይከላከላል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድን መድኃኒት በደፈናው «ለቁስል ጥሩ አይደለም» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

በየካቲት ወንድሜ ከዱባይ እየደወለ አንቲባዮቲክ እንዲጨመርላት ወተወተን፤ ጎረቤቶችም የአሞክሳሲሊን ክኒን ፈልቅቀው ዱቄቱን እንዲነሰንሱላት መከሩ። ጭንቀታቸው የፍቅር ስለነበር አልተቆጣሁም። ነገር ግን አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ሥጋ አያበቅልም፤ ቅላት፣ ሙቀት፣ እብጠትና መግል በሌለበት ቁስል ላይ መስጠቱ ባክቴሪያውን መድኃኒት ከማላመድ በቀር ትርፍ የለውም። እዚህ ላይ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ቁስሉ በርግጥ ቢመረዝም ምልክቶቹ ሊደበቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሲስተር በየሳምንቱ ጀሶውን ስትቀይር ቁስሉን ትመረምር፣ ጥልቀቱን ትለካ፣ የሽታውን ለውጥ ታስተውል ነበር። ከማንኛውም ዱቄት ይልቅ የእሷ ዓይን ጠቀመን።

ሰው ሠራሽ የፕሌትሌት መልእክት የያዘ ቅባት በዓለም ላይ መኖሩንም ያወቅሁት በዚያን ሰሞን ነው። ቤካፕለርሚን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ተፈቅዷል። እናቴ ይህን ቅባት አላገኘችም። ሲስተር በስለቷ ስታደማት ያፈሰሰችው ደም ግን ያንኑ መልእክት የተሸከሙ የእናቴን የራሷን ፕሌትሌቶች ይዞ ነበር፤ ለወራት ደንዝዞ የተቀመጠውን ቁስል ወደ መጀመሪያው ቀን መልሳ፣ ሕዋሳቱ እንደ አዲስ እንዲጠሩ አደረገች።

በሦስተኛው ሳምንት ጀሶው ሲፈታ የቁስሉ ግርጌ ቀልቶ አየሁት። ደነገጥሁ፤ የልማድ ድንጋጤ ነበር። ሲስተር «ተመልከቺ» ብላ አቀረበችኝ። የበቆሎ ፍሬ መሳይ፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ቀይ ሥጋ ነበር፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ናቸው ያን ቀለም የሰጡት። ከዚያ በኋላ ጠርዙ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየገባ፣ የፋሲካ ጾም አልፎ፣ ግንቦት ሲጋመስ ገጠመ። ዶክተሩ ግን ቁስል ተዘጋ ማለት ተጠናቀቀ ማለት እንዳልሆነ አስረዱን፤ ከቆዳው ሥር ያለው ኮላጅን ለወራት እየታደሰ ይቆያል፤ በመጨረሻም ጠባሳው ቢበዛ ከዋናው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህሉን ነው የሚያገኘው። ያ ቦታ ዳግመኛ ለመከፈት ቅርብ ነው።

አሁን ማንደጃው ከመደቡ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ እናቴም ወፍራም የሱፍ ካልሲ ታደርጋለች። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት የእጅ መስታወት ወለል ላይ አስቀምጣ፣ እግሯን በላዩ ይዛ መርገጫዋን ታያለች፤ ዓይኗ ሲደክም እኅቴ ታይላታለች። ከዚያ ይደውሉልኛል። አንዳንድ ማታ እናቴ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «ልጄ፣ ዛሬ ትንሽ ቀልቷል መሰለኝ» ትለኛለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ብዕር አንሥቼም ቀኑን እጽፋለሁ።